አማቴ፣ የመንገድ ካሜራውና የዓርብ ጀንበር

አማቴ እማማ ይታይሽ መንጃ ፈቃድ ያወጡት ስልሳን ካለፉ በኋላ ነው። ይህን ሰምቶ ፈገግ የማይል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም። እኔም ያን ጊዜ ፈገግ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሆነውን ላጫውታችሁና በማን መሳቅ እንዳለባችሁ እናንተው ፍረዱ።

የምንኖረው እስራኤል አገር፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ሄ በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አሳንሰሩ ሲያሻው የሚሠራ፣ ሲያሻው የሚያኮርፍ ሕንጻ ላይ ነው። እሳቸው አንደኛ ፎቅ፣ እኔና ባለቤቴ ጸሐይ አራተኛ ፎቅ። አንድ የበጋ ቀን እማማ ከኩፓት ሆሊም፣ ከጤና ጣቢያው ማለቴ ነው፣ ሐሩር ላይ አውቶቡስ ሲጠብቁ ውለው ላብ በላብ ሆነው መጡ። ገና ወንበር ሳይስቡ፣ «መኪና መንዳት ልማር ነው» አሉ።

ጸሐይ ደነገጠች። «እማዬ፣ ጉልበቴን ያመኛል ትዪ የለም እንዴ?»

«ስለሚያመኝማ ነው። መኪና የሚነዳ ሰው ተቀምጦ ነው የሚነዳ።»



አስተማሪ ተፈለገላቸው። የሞሮኮ ተወላጅ፣ ሆዱ መሪውን ሊነካ ትንሽ የቀረው፣ ሳቂታ ሰው ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተማሪዎቹን «ቀስ በሉ» ሲል የኖረ ይመስለኛል። እማማን ማስተማር በጀመረ ሰሞን ደወለልኝና፣ «‘ፍጠኚ’ በእናንተ ቋንቋ እንዴት ይባላል?» አለኝ። እኔም፣ «‘ፍጠኚ’ ካልካቸው ከራስህ መኪና አውርደውህ ይሄዳሉ፤ ‘ይፍጠኑ’ ነው የምትለው» ብዬ አስጠናሁት። ከዚያ ወዲያ መስኮቱን ከፍቶ «ይፍጠኑ፣ ይፍጠኑ» እያለ በሰፈራችን ሲያልፍ፣ ያየው አበሻ ሁሉ ለእኔ እየደወለ ያወራልኝ ጀመር።

የመንገድ ፈተናውን ደጋግመው ወደቁ። የሚወድቁበት ምክንያት አንድ ነው፤ መዘግየት። አንዱ ፈታኝማ «በጣም ጥንቁቅ ናቸው፤ ብስክሌት ግን ቀድሞናል» አለ ይባላል። እሳቸው ሲወድቁ አያለቅሱም፣ ማንንም አይራገሙም። «ዛሬም አልሆነም» ይላሉ፤ በነጋታው ነጠላቸውን አጣፍተው አስተማሪውን በር ላይ ይጠብቁታል። እኔ ብሆን ኖሮ ከሁለተኛው ፈተና በኋላ ለአውቶቡሱ ይቅርታ ጠይቄ ተመልሼ እሳፈር ነበር። ያለፉ ቀን ደግሞ መጀመሪያ የደወሉት ለልጃቸው አይደለም፤ ለጎረቤታቸው ለእትዬ ብርቱኳን ነው። «ነገ የስኳርሽ ቀጠሮ በስንት ሰዓት ነበር ያልሽኝ?» አሏቸው።

እንዲህ ሆኖ የሰፈራችን አሮጊቶች መኪና አገኙ። እትዬ ብርቱኳን ለስኳራቸው፣ እትዬ ልጅዓለም ለዓይናቸው፣ ሌሎቹም ለሰርግ፣ ለለቅሶ፣ ለገበያ፣ ሁሉም እማማ ይታይሽ ዘንድ ይደውላሉ። ልጆቻቸው ሥራ ላይ ናቸው፤ የልጅ ልጆቻቸው ሠራዊት ውስጥ ናቸው። መኪናዋ አቀበት ላይ የምታቃስት፣ ብርማ ቀለሟ የለቀቀ አሮጌ መኪና ናት። በስሜ የተመዘገበች ብትሆንም፣ እኔ ቁልፏን የማገኘው እማማ እቤት ሲውሉ ነው። የእኔ ሥራም መንዳት ነው፤ አድ ሃሎም በሚባለው የኢንዱስትሪ መንደር ያለ አንድ ፋብሪካ ሠራተኞቹን ጧት የምወስድበት፣ ማታ የምመልስበት ሚኒባስ ሰጥቶኛል። እንጀራዬ መንጃ ፈቃዴ ላይ ነው። ይህን ያዙልኝ።

እንግዲህ አንድ ቀን ዶኽ መጣ። ዶኽ የምንለው የትራፊክ ቅጣት ወረቀቱን ነው። እኛ ሰፈር «ዶኽ መጣብኝ» ሲባል፣ አገር ቤት «ንዳድ ያዘኝ» እንደሚባለው ነው፤ ሰው ከንፈሩን ይመጥልሃል። ወረቀቱ ከአሽቀሎን ወደ አሽዶድ በሚያመጣው መንገድ ላይ መኪናዬ ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ስትሄድ ካሜራ አንሥቷታል ይላል። ዶኹ ከነነጥቡ ነው።

ስለ ነጥብ ትንሽ ልበል። ትምህርት ቤት ነጥብ የበዛለት ልጅ ይመሰገናል፤ እዚህ መንጃ ፈቃድ ላይ ግን ነገሩ ግልብጥ ነው። ዶኽ ይዞት የሚመጣው ነጥብ በመዝገብህ ላይ ይጠራቀማል። ሲበዛ ኮርስ ትገባለህ፤ ከዚያም ሲበዛ ፈቃድህን ይወስዱታል። እኔ ከዚህ በፊት አንድ ቀይ መብራትና አንድ ሌላ ካሜራ አግኝተውኝ ስለነበር፣ ወደ ኮርሱ ደጃፍ ተጠግቼ ነበር። ያን ጊዜ «ነጥብ በዛብኝ» ብዬ ሳማርር እማማ፣ «ጎበዝ፣ በርታ» ብለው መርቀውኛል።

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ አየሁት። መኪናዋ ከኋላ ነው የተነሣችው፤ ነጂው አይታይም። ሰሌዳዋ የእኔ ነው። ከነጂው በር ሥር ግን አንድ ነጭ ነገር ወጥቶ፣ እንደ ባንዲራ ተዘርግቶ በነፋስ ይውለበለባል። መጀመሪያ የፌስታል ቁራጭ መሰለኝ። እያጎላሁ፣ ዓይኔን እያጠበብኩ ስመረምር ጸሐይ በትከሻዬ በኩል አየችና ሳቋ አመለጣት።

«ጥለቱ አይታይህም? የእማዬ ነጠላ እኮ ነው። በሩን ስትዘጋው ይዞት ቀርቷል።»

«አይሆንም» አልኳት። «እናትሽን ብስክሌት ይቀድማቸዋል።»

«ቀኑን እየው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። አንተ ተኝተህ ነበር።»

ደረጃውን ወርጄ አንደኛ ፎቅ አንኳኳሁ። መንገድ ላይ ነገሩን በዘዴ እንዴት እንደማነሣው ሳሰላስል ነበር የወረድኩት፤ ሰላምታ፣ ጤና፣ የአየሩ ሁኔታ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ካሜራው። እማማ ሽንብራ እየለቀሙ ነበር። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ እንዳዩ፣ «ነጠላዬ ናት» አሉ። «ጫፏ ቆሽሻ ያገኘኋት ለዚህ ኖሯል።»

«እማማ፣ አንቱ ነዎት እንዲህ የነዱት?»

«ሌላ ማን ይነዳታል? አንተ ተኝተህ።»

የእኔን እንቅልፍ በቤታችን የማያውቅ የለም ማለት ነው። ቁጭ ብዬ አስረዱኝ አልኳቸው። እሳቸውም ሽንብራቸውን ሳያቋርጡ አወጉኝ።

«አሽቀሎን ለቅሶ ደርሰን፣ እኔ፣ ብርቱኳንና ልጅዓለም፣ ቶሎ ልንመለስ ነበር። ባለለቅሶዎቹ ሳትቀምሱ አትሄዱም ብለው ያዙን። ስንወጣ ጀንበሯ ወደ ባሕሩ አዘቅዝቃለች። እሷ ስትጠልቅ ሰንበት ሊገባ ነው። ሰንበት ገብቶ መኪና ልነዳ ነው እንዴ? ልጅዓለም ከኋላ ሆና ጀንበሯን ትነግረኛለች። ‘ይታይሽ፣ አንድ ክንድ ቀራት፤ ይታይሽ፣ ስንዝር ቀራት’ ትላለች። ብርቱኳን ዓይኗን ጨፍና ትጸልያለች። ስንዝር ቀራት ስትለኝ እግሬን ጫን አደረግሁት።»

«መኪናዋ ሄደችልዎት?»

«መኪናህ ደኅና ናት። አንተ ነህ የማታስኬዳት። እዚህ ደርሼ ሞተሩን ሳጠፋ ቀዩ ገና ባሕሩ ላይ ነበር።»

ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁትን ኩራት ልነግራችሁ አልችልም። እኔ በዚያች መኪና፣ ለቁልቁለትም ቢሆን፣ ያን ያህል ፍጥነት አግኝቼ አላውቅም። ልቤ በቁጣና በአድናቆት መካከል ተወዛወዘ፤ አድናቆቱ በለጠብኝና «እንኳን በሰላም ገባችሁ» ብዬ ወጣሁ።

ወደ ላይ ስወጣ ግን ጭንቀቱ ደረጃ በደረጃ አብሮኝ ወጣ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ መኪናውን የነዳው ሌላ ሰው ከሆነ ባለመኪናው ዶኹን ወደ ነጂው ያዛውራል፤ ካላዛወረ ቅጣቱም ነጥቡም በራሱ ላይ ይቀራል። ባዛውረው እኔ አማቱን ለፖሊስ አሳልፎ የሰጠ አማች ልባል ነው። በየሰርጉ ድንኳን «ያ ሰውዬ» እየተባልኩ እጠቆማለሁ። ባላዛውረው ደግሞ የፋብሪካችን የደኅንነት ኃላፊ የነጂዎቹን መዝገብ እየሳበ ያያል፤ ነጥቤን ሲያይ ሚኒባሱን ይቀበለኛል። ጸሐይን ጠየቅኋት። «እኔ ልጇ ነኝ፤ እኔን አትጠይቀኝ» አለች። ከብዙ መገላበጥ በኋላ ጀግና ለመሆን ወሰንኩ። እኔው ልሸከመው።

ከመሸከሜ በፊት ግን ሸክሙ ምን እንደሚመዝን ለማወቅ ስቬታ ዘንድ ደወልኩ። ስቬታ የመኪናችን የቢቱዋህ፣ የኢንሹራንስ ማለቴ ነው፣ ወኪል ናት። እሷ ከሩሲያ፣ እኔ ከጎንደር የመጣን ነን፤ ዕብራይስጡን ሁለታችንም በየራሳችን በኩል ስለምንሰብረው እንግባባለን። ውላችን የሚታደስበት ጊዜም ደርሶ ነበር።

«ስቬታ፣ ካሜራ ቢያነሣኝ የቢቱዋሄ ዋጋ ይጨምራል?»

«ለካሜራው ብሎ አይጨምርም» አለችኝ። «ኩባንያው የሚጠይቅህ አደጋ አድርሰህ እንደሆነና ፈቃድህ ተወስዶብህ እንደሆነ ነው።»

«ተገላገልኩ በይኛ።»

«ቆይ፣ አትቸኩል። ዶኹ ነጥብ ያመጣል። ነጥቡ ሲጠራቀም ኮርስ ነው። ኮርሱን ከናቅኸው፣ ወይም ነጥቡ ከቀጠለ፣ ፈቃድህን ይወስዱታል፤ ሽሊላ ነው። ሽሊላ ያለበትን ሰው ደግሞ ኩባንያዎቹ ለዓመታት እየጠየቁ ዋጋ ይጨምሩበታል። ጭራሽ የማይቀበሉትም አሉ። ለመሆኑ የነዳኸው አንተ ነህ?»

«መኪናዋ በስሜ ናት» አልኳት።

«ገባኝ» አለች። «የነዳው ሰው በስሙ ይውሰድ። ያልነዳኸውን ነዳሁ ብለህ እንዳትፈርም። እኔ ለብዙ ነገር ቢቱዋህ እሸጣለሁ፤ ለውሸት ግን የለኝም።»

ብልህ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ምክር ሰምቶ ያርፍ ነበር። እኔ ግን ሦስተኛ መንገድ ያገኘሁ መሰለኝ። ካሜራው የተሳሳተ ቢሆንስ? ቢጎድፍስ? ቢያዘነብልስ? ይህን ላጣራ ብዬ በዕረፍት ቀኔ ወደዚያ መንገድ ሄድኩ። ካሜራው አጠገብ ስደርስ ቀስ አልኩ። ከኋላዬ የጡሩምባ መዓት ተነሣ። ጡሩምባውን ሸሽቼ፣ መኪና የተበላሸበት ሰው ብቻ በሚቆምበት የመንገድ ጠርዝ ላይ ቆምኩና ወርጄ ምሰሶውን ዞርኩት። አንጋጥጬ አየሁት። ጎንበስ ብዬም አየሁት። ምን እንዳየሁ ብትጠይቁኝ ምሰሶ ነው።

ከኋላዬ የፖሊስ መኪና ቆመ። የወረደችው ፖሊስ የእኛው ወገን ናት፤ ዕድሜዋ ከትልቋ ልጄ ብዙ አይበልጥም። በአማርኛ አናገረችኝ።

«አባባ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

አባባ መባሉ ራሱ አንድ ቅጣት ነበር። «ካሜራውን እያየሁት ነው» አልኳት።

«እሱም እያየዎት ነው» አለችኝ። «እዚህ መቆም እንደማይፈቀድ ያውቃሉ?»

«ነጂ ነኝ፤ አውቃለሁ።»

«ባያውቁ ይሻል ነበር» ብላ ዶኽ ጻፈችልኝ። ፊቴን አይታ ሳታዝንልኝ አልቀረችም። «ይኸኛው ነጥብ የለበትም፤ አይዞዎት» አለችኝና እስክነሣ ድረስ መንገዱን ያዘችልኝ።

አንድ ዶኽ ላስወግድ ወጥቼ በሁለት ዶኽ ገባሁ። ጸሐይ ይህን ሰምታ ሳቋን መያዝ ስላቃታት ወደ እናቷ ወረደች፤ እዚያም ነገሩን ሁሉ፣ ዶኹን ራሴ ልሸከም መወሰኔን ጭምር፣ ዘረገፈችላቸው።

ጥቂት ቆይቶ በራችን ተንኳኳ። አሳንሰሩ ያን ቀን አኩርፏል። እማማ ይታይሽ በዚያ ጉልበታቸው እስከ አራተኛ ፎቅ በእግራቸው ወጥተው፣ ትንፋሻቸውን ሳይሰበስቡ እጃቸውን ዘረጉ።

«ዶኼን አምጣ።»

«እማማ፣ ይቀመጡ፤ እኔ እጨርሰዋለሁ።»

«የነዳሁ እኔ። የሚጻፈው አንተ?»

«ነጥብ አለበት። ነጥቡ ሲበዛ ፈቃድ ያስወስዳል። ከዚያ በኋላ ቢቱዋህ ማግኘትም ችግር ነው። አንቱን ማስቸገር…»

ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው ተናገሩ። «ሱዳን ሳለን ስሜን የጻፈው ሰውዬ አበላሽቶ ነው የጻፈው። እዚህ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ስም አወጡልኝ። የተወለድኩበትን ቀን እንኳ አንድ የማላውቀው ጸሐፊ ነው የመረጠልኝ። መንጃ ፈቃዱን ግን ማንም አልሰጠኝም። ጥለውኝ፣ ጥለውኝ፣ ተነሥቼ ነው ያገኘሁት። በሱ ደኅና ስነዳ ‘ይታይሽ ናት’ ይባላል። ስፈጥንም ይታይሽ ናት ይበሉ።»

ጸሐይ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔም ወረቀቱን አምጥቼ ሰጠኋቸው። በዑልፓን፣ በቋንቋ ትምህርት ቤቱ፣ በተማሩት ዕብራይስጥ ፊደል፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ እንግዳ ቦታ ቦታ እያስያዙ ፈረሙ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ መልካም ነበር። ግን ኮምፒውተሩን የምነካው እኔ ነኝ። ዶኹ በስማቸው ተዛውሮ ሲመጣ፣ «ተቀብያለሁ በልልኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ከፈትኩት። ምርጫ አለ። አንዱ ቅጣቱን መቀበል ነው። ሌላውን በችኮላ ሳነበው ጉዳዩ እንዲታይ መጠየቅ መሰለኝ። ቢያዩልን ምን ይጎዳል፣ አሮጊት ናቸው፣ ምናልባት ይራራሉ ብዬ እሱን ነካሁት። ኋላ እንደተረዳሁት ቃሉ የሚለው ፍርድ ቤት ቀርቤ ልዳኝ ነው።

መጥሪያው ሲደርስ እማማ አስጠሩኝ።

«ቤት ሚሽፓት ማለት ፍርድ ቤት አይደል?»

«ነው፣ እማማ።»

«ማን ነው የከሰሰኝ?»

«እኔ… እኔ ነኝ መሰለኝ።»

መጥሪያውን አጣጠፉት። ከዚያ፣ «መቼም ልብህ ደግ ነው» አሉ። ስድብ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አሁን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ዳኛ ፊት የቀረበ ሰው ፈቃዱ ሊወሰድበት ይችላል። የእማማ ፈቃድ ቢወሰድ የእትዬ ብርቱኳን ስኳር፣ የእትዬ ልጅዓለም ዓይን፣ የዚያ ሁሉ አሮጊት ቀጠሮ እንደገና አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሊወድቅ ነው። ስቬታም ውሉን ለማደስ ፍርዱን እንጠብቅ አለች። ጠበቃ ልያዝልዎት አልኳቸው። «የሠራሁትን ለመናገር ሰው አልቀጥርም» አሉ። እነ እትዬ ብርቱኳን ግን እኛ ሳንሄድ አትሄጂም ብለው ተነሡ።

የቀጠሮው ዕለት ሦስቱም ነጭ በነጭ ለብሰው ወረዱ። ሰርግ የሚሄዱ ነበር የሚመስሉት። ችሎቱ ውስጥ ተራችንን ስንጠብቅ ከእኛ በፊት የነበሩትን ሰማን። አንዱ መኪናው ውስጥ አልነበርኩም አለ። ሌላው ካሜራው ተሳስቷል አለ። አንዷ መብራቱ ቀይ ሳይሆን ብርቱካንማ ነበር ብላ ማለች። ዳኛዋ መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን ታሻለች። እኔ በልቤ ለእማማ የምሰጣቸውን ምክር እያዘጋጀሁ ሳለ ስማቸው ተጠራ። ተነሥተው ሄዱ። አስተርጓሚው አጠገባቸው ቆመ።

«ጥፋቱን ታምኛለሽ?» ብላ ጠየቀች ዳኛዋ። አስተርጓሚው ወደ «ያምናሉ?» አዙሮ አቀረበላቸው።

«አዎ። ፈጥኛለሁ።»

ዳኛዋ ቀና አለች። «ካመኑ ለምን ፍርድ ቤት መቅረብ ጠየቁ?»

እማማ ዞረው እኔን አዩኝ። ዳኛዋም አየችኝ። አስተርጓሚውም። ከኋላ የተቀመጠውም ሰው ሁሉ። ተነሣሁና፣ «የተከበሩ ዳኛ፣ እኔ አማቻቸው ነኝ፤ እንዲራሩላቸው ብዬ የማይነካ ነካሁ» አልኩ። ችሎቱ ሳቀ። ዳኛዋ አልሳቀችም፤ ከንፈሯ ግን ትንሽ ታገለ።

በዚህ መካከል እትዬ ልጅዓለም ማንም ሳይጠራቸው ተነሡ። «እኔ ከኋላ ነበርኩ። ይታይሽ ምንም አልፈጠነችም። እንደ ኤሊ ነው የሄደችው። የሰማዩ አምላክ ምስክሬ ነው» አሉ።

እማማ ይታይሽ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ልጅዓለም፣ ለእኔ ብለሽ አትዋሺ። ጀንበሯን የምትነግሪኝ አንቺ አልነበርሽ? ተቀመጪ፣ እኅቴ።»

እትዬ ልጅዓለም ተቀመጡ። አስተርጓሚው ይህንንም ተረጎመው። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ምን ጀንበር?» አለች።

እማማ ነገሩን እንዳለ ተናገሩ፤ ለቅሶውን፣ ምግቡን፣ ሰንበቱን። አንድም ነገር አላሳመሩም። ዳኛዋ ጥቂት አሰበችና ጠየቀች። «መንገድ ላይ ሳሉ ሰንበት ቢገባብዎት ምን ያደርጉ ነበር?»

«መኪናዋን አቁሜ በእግሬ እገባ ነበር። ከዚያ የራቀ አገር በእግሬ ሄጃለሁ» አሉ። ወደ ሁለቱ ሴቶች እያዩም፣ «እነሱም ሄደዋል። አሁን ግን የብርቱኳን እግር አያስኬዳትም። አምናኝ ተሳፍራ ጥያት እንዳልሄድ ነው የቸኮልኩት። መፍጠኔ ግን ጥፋት ነው። ሦስት ነፍስ ይዤ ነበር። ሰው ብገጭ ሰንበቱም አያድነኝም። ይኸን ከዚያ ቀን ጀምሮ አስቤበታለሁ» አሉ።

አስተርጓሚው ሁሉንም ቃል በቃል ተረጎመው።  ያ ካሜራው ተሳስቷል ያለው ሰውዬ ጫማውን ያይ ነበር።

ዳኛዋ ጻፈች፤ ረጅም ጊዜ ጻፈች። ቅጣቱ ቀነሰ፤ ነጥቡ በሕጉ መሠረት መዝገባቸው ላይ ይቀመጣል። «ፈቃድዎን ግን አልወስድም» አለች። «ዛሬ ከጧት ጀምሮ የሠራሁትን አውቃለሁ ያለኝ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ከእንግዲህ ቀደም ብለው ይውጡ።»

«እሺ፣ ልጄ» አሉ እማማ። «የለቅሶ ቤት ምሳ ሳልጠብቅ እወጣለሁ።»

አስተርጓሚው «ልጄ» የምትለዋን ይተርጉማት አይተርጉማት ሲያመነታ አየሁት። ተረጎማት። ዳኛዋ በዚህ ጊዜ ፈገግ አለች።

ከችሎቱ ወጥተን ኮሪደሩ ላይ ስቬታ ዘንድ ደወልኩ። ሽሊላ የለም አልኳት። «እንግዲያው ቢቱዋሁ እንደነበረው ይቀጥላል» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኒያ ሴትዮ በራሳቸው ስም ውል የሚፈልጉ ከሆነ ሌላ ወኪል ዘንድ እንዳትወስዳቸው» አለች።

መኪናዋ ዘንድ ስንደርስ እኔ በልማዴ የነጂውን በር ከፈትኩ። እማማ ቁልፉን ጠየቁኝ።

«ደክሞዎታል፣ እማማ። ዛሬ እኔ ልንዳ።»

«ዳኛዋ ፈቃዱን ለማን ተወችው?»

ቁልፉን ሰጠኋቸው። ከፊት እትዬ ብርቱኳን በእግራቸው ምክንያት ተቀመጡ። እኔ፣ የፋብሪካ ሚኒባስ ነጂው፣ ከኋላ ከእትዬ ልጅዓለም ጋር ጉልበቴን አገጬ ሥር አድርጌ ተጣጠፍኩ። ወደ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ባሕሩ ታጠፉ።

«የት ነው፣ እማማ?»

«እንዲህ ለብሰን ወጥተን ቤት ገብተን ልንቀመጥ ነው?»

ባሕሩ ዳር ሰው በሰው ነው። መኪና ማቆሚያው ጢም ብሏል። እኔ ተስፋ ቆርጬ፣ «ይመለሱ፤ ቦታ የለም» ልል ስል እማማ ምልክት አበሩ። በአንድ ትልቅ ጂፕና በአንድ አዲስ መኪና መካከል ጠባብ ቦታ አይተዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ በዚያ ቦታ አልሞክርም ነበር። አንድ ሁለት ሰዎች አይስክሬማቸውን ይዘው ሊያዩ ቆሙ። ከኋላችን ያለው ሹፌርም ጡሩምባውን ሊጫን እጁን አንሥቶ ነበር። እማማ መስታወቱን አዩ፤ ትከሻቸውን አዙረው ወደ ኋላ አዩ፤ መሪውን ቀስ ብለው ጠመዘዙ። መኪናዋ በአንድ ጊዜ ገብታ መስመሯ ላይ ቁጭ አለች። ከኋላ የነበረው ሹፌር እጁን ወደ ግንባሩ ወስዶ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጣቸው። እሳቸው አላዩትም። ሞተሩን አጥፍተው፣ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ በሩን ከፈቱ።

«ውረዱ» አሉን። «ነፋሱ ጥሩ ነው።»